ትንበያው ሞቀ፤ ገበያውስ?

እህል በረንዳ ላይ ወሬ ከጭነት መኪና ቀድሞ ይገባል። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ከጎጃም፣ ከአርሲና ከወለጋ መስመር የመጡት መኪኖች ሸራቸው ሳይፈታ፣ ደላላው በየአገሩ የዘነበውንና ያልዘነበውን፣ ስንት መኪና መንገድ ላይ እንዳለና ትናንት ማታ ጤፍ በስንት እንደተዘጋ በስልክ ሰምቶ ጨርሷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዚህ ወሬ ላይ ካርታ ተጨምሯል። ከኤርትራ እስከ ታንዛንያ በብርቱካናማና በቀይ የተቀባ የምሥራቅ አፍሪካ ካርታ ሲሆን፣ «በመጪዎቹ ወራት ከመደበኛው የላቀ ሙቀት ይጠበቃል» የሚል ጽሑፍ አለበት። ካርታው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ጽሑፉ ይቀርና ቀዩ ቀለም ብቻ ይተርፋል።

ቀጥሎ የሚሆነውን የመርካቶ ሰው ያውቀዋል። ሙቀት ማለት ድርቅ ነው፣ ድርቅ ማለት የእህል እጥረት ነው፣ እጥረት ማለት ደግሞ የዋጋ ንረት ነው ተብሎ ይሰላና መጋዘኑን የሚዘጋ ነጋዴ ይገኛል። የሚዘጋውም በራሱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከክፍለ ሀገሩ ነጋዴ በዱቤ የተቀበለው እህል አለበት፣ የባንክ ብድር አለበት፣ አንዳንዴም በተራው የወጣለት ዕቁብ አለበት። ስሌቱ ከተሳሳተ የሚከስረው ከአንድ ሰው በላይ ነው።

ይህ ጸሐፊ የአየር ትንበያ ባለሙያ አይደለም። የተማረው ኢኮኖሚክስ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ፀሐይ ምን ያህል ትከርራለች የሚል ሳይሆን፣ የሙቀት ትንበያ ለነጋዴ ስንት ያወጣል የሚል ነው።

ቀዩ ካርታ ምን ይላል?

ካርታውን የሚያወጣው ናይሮቢ አጠገብ የተቀመጠው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያና ትግበራ ማዕከል፣ በአጭሩ ኢክፓክ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1981 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1989) የድርቅ መከታተያ ማዕከል ሆኖ ተቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኢጋድ ተጠቃሏል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢው አገሮች ባለሙያዎች በየወቅቱ መግቢያ እየተሰበሰቡ የጋራ ትንበያ ያወጣሉ። በአገር ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የየራሱን ትንበያ ይሰጣል፤ በየአሥር ቀኑም መግለጫ ያወጣል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የእኛ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። የኢክፓክ ወቅት ግን የፈረንጆቹን ማርች፣ ኤፕሪልና ሜይ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ሁለቱ ትንበያዎች የተለያዩ ቢመስሉ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት ወራት አይደለም።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። ባለሙያዎቹ ያለፉትን 30 ዓመታት መዝገብ ወስደው ለሦስት እኩል ይከፍሉታል፦ ሞቃቶቹ፣ መካከለኞቹና ቀዝቃዞቹ። ምንም የተለየ ምልክት ከሌለ እያንዳንዱ ክፍል 33 በመቶ ዕድል አለው። ካርታው «60 በመቶ ከመደበኛው በላይ» ሲል እንግዲህ መጪው ወቅት ከሞቃቶቹ ክፍል የመመደብ ዕድሉ ከ33 ወደ 60 ከፍ ብሏል ማለቱ ነው። ሙቀቱ በ60 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም። በስንት ዲግሪ እንደሚጨምርም አይናገርም፤ ጭማሪው ከአንድ ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል። የቀረው 40 በመቶም ባዶ ቁጥር አይደለም፤ ከአምስት ጊዜ ሁለቱን «ካርታው ያለው አልሆነም» የሚያሰኝ ነው። ይህን ያህል ዕድል ያለው ዕጣ ላይ ሙሉ ካፒታሉን የሚያስይዝ ደላላ እህል በረንዳ ላይ ይኖራል ብለን አናምንም።

ከዚህ የባሰ ነገር ደግሞ አለ። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ስለሄደ፣ ካለፉት 30 ዓመታት ጋር የሚወዳደር ትንበያ ሁሉ ወደ ሙቀት ያጋድላል። የቀድሞው ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ሰነድ የኢትዮጵያ የሌሊት ሙቀት በየአሥር ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲጨምር እንደቆየ ገልጾ ነበር። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትም 2024 እ.ኤ.አ. በመሣሪያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው መሆኑን አስታውቋል። መለኪያው ትናንት፣ ተለኪው ነገ ከሆነ ካርታው በየወቅቱ ቢቀላ አይደንቅም። በገበያ ቋንቋ ብንናገር፣ ሁልጊዜ የሚነገር ዜና ዋጋው ውስጥ ቀድሞ ገብቷል። ነጋዴ ዓይኑን መጣል ያለበት አጠገቡ በተቀመጠው፣ ብዙ ጊዜ ማንም በማያስተላልፈው የዝናብ ካርታ ላይ ነው።

ሙቀትን አይቶ ዝናቡን መርሳት

ሙቀትና ድርቅ አንድ ላይ የሚሄዱበት ጊዜ እንዳለ ማንም አይክድም። ፀሐይዋ ስትበረታ እርጥበት ከመሬት ቶሎ ይተናል፣ ደመና ከሌለም ቀኑ ይሞቃል። ነገር ግን በእኛ አገር የዓመቱ ከፍተኛ ሙቀት በአብዛኛው የሚመጣው ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ዋናው ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው። የመጋቢት ሙቀት ስለ ሐምሌ ዝናብ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

2016 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ኤልኒኖ በሰኔ 2015 መግባቱ ተነግሮ ነበር። በዚያው ክረምት የትግራይ፣ የአማራና የአፋር አንዳንድ አካባቢዎች በዝናብ እጥረት ተመቱ። ኤልኒኖ ግን ለሁሉም አገር አንድ ፊት አያሳይም፤ ሰሜኑን በክረምት ሲያደርቅ ደቡቡንና ደቡብ ምሥራቁን በጥቅምትና በኅዳር ያረጥባል። በኅዳር 2016 በሶማሌ ክልል ጎርፍ ነበር። በመጋቢት ሙቀቱ በረታና ደቡብ ሱዳን የሙቀት መጠኑ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ብላ ትምህርት ቤቶቿን ዘጋች። በዚያ ሳምንት ቀዩን ካርታ ብቻ ያየ ሰው በልጉ አለቀለት ቢል አይፈረድበትም። ግን ሚያዝያና ግንቦት ሲመጡ ምሥራቅ አፍሪካን የመታው ድርቅ ሳይሆን ዝናብ ሆነ፤ ኬንያ ውስጥ ጎርፉ ሰውና ንብረት ይዞ ሄደ።

በልግ ራሱ ለእህል ገበያ ያለው ትርጉም ከመጠኑ ይልቃል። ከአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ውስጥ የበልግ አዝመራ ድርሻ ትንሽ ነው። ነገር ግን በቆሎና ማሽላ ረዥም ጊዜ የሚፈልጉ በመሆናቸው የሚዘሩት በሚያዝያና በግንቦት እርጥበት ነው፤ የሚታጨዱት ከጥቅምት በኋላ ነው። የበልግ ዝናብ ከዘገየ ገበሬው ማሽላውን ትቶ ጤፍ ወይም ሽምብራ ለመዝራት ይገደዳል። ሚያዝያ ላይ ከሐረርጌና ከወሎ የሚደወል ስልክ «ማሽላ ተዘራ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ከማንኛውም ካርታ ይልቅ የኅዳርን ዋጋ ይናገራል።

ዋጋውም ቢሆን ድርቅን ተከትሎ ብቻ አይሄድም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ከጥሩ ምርት በኋላ የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወድቆ ገበሬው ለማጨጃና ለማጓጓዣ የሚያወጣው እንኳ አልመለስ አለው። ያን ጊዜ ያከማቸ ነጋዴ ተጎዳ። ወዲያው በ1994 ክረምት ዝናቡ ከዳና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ ዋጋውም ተመልሶ ተተኮሰ። ርካሹን አይቶ የሸሸው ደግሞ በተራው ተቆጨ።

የ2007ቱ ድርቅ የተለየ ትምህርት ሰጠ። በልጉም ክረምቱም በአንድ ዓመት ከዱ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥትና የርዳታ ድርጅቶች 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቁ። በዚህ ቁጥር ላይ ቆሞ የእህል ዋጋ ጣራ ይነካል ያለ ሰው ሞኝ አልነበረም። ነገር ግን መንግሥት ቀደም ብሎ 1 ሚሊዮን ቶን ስንዴ፣ ማለትም 10 ሚሊዮን ኩንታል ለመግዛት ጨረታ አወጣ፤ የርዳታ እህልም በጂቡቲ በኩል ጎረፈ። የእህል ዋጋ እንደተፈራው አልናረም። የወደቀው የከብት ዋጋ ነበር። አርብቶ አደሩ ከሲታ ከብቱን በተገኘው ዋጋ ሸጠ። ድርቁ የገባው በእህል በረንዳ በር ሳይሆን በከብት ገበያው በር ነበር ማለት ይቻላል።

የመጋዘን ሂሳብ

እህል የማቆየት ወጪ በመርካቶ ብዙ ጊዜ በጭንቅላት ይሰላል፤ በጭንቅላት የተሰላ ነገር ደግሞ ነቀዝን ይረሳል። እንበል አንድ ነጋዴ በቆሎ በ100 ብር ገዝቶ አራት ወር አቆየ። የብድር ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን የአራት ወሩ 6 ብር ነው። ለመጋዘን ኪራይና ለተሸካሚ 2 ብር እንጨምር። ከእህሉ 4 በመቶው በነቀዝና በድርቀት ክብደቱን ቢያጣ፣ በ108 ብር ወጪ የሚሸጠው 96 እጅ ብቻ ነው። ለመመጣጠን ብቻ 112 ብር ከ50 ሳንቲም መሸጥ አለበት። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

ሙቀቱ ይህን ሂሳብ የሚያናጋው በዝናብ በኩል ሳይሆን በነቀዙ በኩል ነው። የበቆሎ ነቀዝ ወደ 27 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀትና በቂ እርጥበት ውስጥ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመውለድ እስኪደርስ አምስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። በ18 ዲግሪ ግን ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል፤ ከ15 ዲግሪ በታች መራባቱ የሚቆም ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመቀመጧ የመርካቶ ነጋዴ ሳያውቀው ከደጋው ብርድ ነፃ የማቀዝቀዣ አገልግሎት ሲያገኝ ኖሯል። አሁን እየሞቀ ያለው በተለይ ሌሊቱ ነው ብለናል። ቀን ቆርቆሮው ያጋለው መጋዘን ሌሊት ካልበረደ፣ አንድ ትውልድ ነቀዝ ይራባ በነበረበት ጊዜ ሁለት ትውልድ ሊራባ ነው።

ጤፍ በዚህ በኩል የታደለ እህል ነው። ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ አይደፍረውም፤ አያቶቻችን ለዓመታት ያቆዩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ሞቃት ወቅት ሲመጣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ማኛና በቆሎ ጎን ለጎን ያለው ነጋዴ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት የለበትም። ጤፉ የሚያስከፍለው ወለድ ብቻ ነው። በቆሎው ግን ወለድ እያስከፈለ ራሱም ይበላል። በቆሎ ማቆየት ግድ የሆነበት ሰው አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት መጠቀም ይችላል፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክሲጅን ሲያልቅበት ይሞታል። ከተራ ማዳበሪያ ከረጢት ይወደዳል፤ ከላይ ካየነው የ4 በመቶ ኪሳራ ጋር ግን ቁጭ ብሎ ማወዳደር ነው።

ስንዴ የራሱ ጉዳይ አለው። በመስኖ የሚለማው የበጋ ስንዴ ከተስፋፋ ወዲህ በቆላማው የአዋሽ ሸለቆ ሳይቀር ሰብሉ የሚያብበው በሞቃት ወራት ውስጥ ነው። ስንዴ ብርድ ወዳጅ ነው፤ ሲያብብና ፍሬ ሲሞላ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ካገኘው ፍሬው ይኮማተራል። ውሃ ቢጠግብም ይኮማተራል። እዚህ ላይ የጥርና የየካቲት የሙቀት ትንበያ ከዝናቡ ትንበያ የበለጠ ይናገራል። እስካሁን ከጻፍናቸው ሁሉ ቀዩ ካርታ በቀጥታ የሚሠራው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ከእህል በረንዳ ወጣ ስንል

ቅቤ ተራ ሙቀትን በትንበያ አይሰማም፤ በእጁ ይዳስሰዋል። ለጋው ቅቤ ሲቀልጥ ይንጠባጠባል፣ የተንጠባጠበው ሚዛን ላይ አይወጣም። ሙቀቱ የሚበረታው ደግሞ ዐቢይ ጾም በገባበት፣ ገዢ በጠፋበት ሰሞን ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 በአንድ ቀን መግባታቸው የሚታወስ ነው። ያን ጊዜ የክርስቲያኑ ፍላጎት ሲወርድ የሙስሊሙ የአፍጥር ማዕድ ገበያውን ደግፎታል። ሁለቱ በማይገጥሙበት ዓመት ግን ቅቤ ነጋዴው 55ቱን ቀን በራሱ አቅም ይሻገራል። የፋሲካውን ዋጋ አምኖ በሙቀት ያከማቸ ሰው አንጥሮ ካላስቀመጠው በቀር ሻጋታና ሽታ ያገኘዋል፤ የነጠረው ደግሞ ክብደቱ ቀንሶ ነው።

በርበሬ በረንዳ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከሀላባና ከማረቆ የሚመጣው ዛላ እርጥበት ይዞ ከገባ ክብደት አለው። ደረቅና ሞቃት ወር ሲያገኘው ይደርቃል፣ ክብደቱን ይጥላል። ገዢው የሚከፍለው በኪሎ ነውና በዚህ ወቅት ፈጥኖ የሸጠ ያተርፋል። ሳይደርቅ የተከመረ በርበሬ ግን የባሰ ጠላት አለው፤ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የውጭውን ገበያ ያዘጋል፣ የአገር ውስጡንም ሸማች ያሳምማል።

ስለ ቬንቲሌተርም ሳንጠይቅ አላለፍንም፤ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ከዚህ ትንበያ ምን ያገኛሉ? ለአዲስ አበባ ብሎ ቬንቲሌተር የሚያስመጣ ጥቂት ነው። ዕቃው የሚሄደው ወደ ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላና መተማ ነው፤ የሚከፋፈለው ግን ከመርካቶ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። ወቅታዊ ትንበያ ቢበዛ ወቅቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ይወጣል። የውጭ ምንዛሪ ተገኝቶ፣ ኤልሲ ተከፍቶ፣ ዕቃው በጂቡቲ አልፎ እስኪደርስ ሙቀቱ ያልፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ትዕዛዙ ሲሰጥና ዕቃው ሲደርስ የምንዛሪው ዋጋ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ትንበያው የሚጠቅመው አስመጪውን አይደለም። ከአስመጪው ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ገዝቶ በሦስት ቀን ጋምቤላ የሚያደርሰውን አከፋፋይ ነው። ጀሪካንና የውሃ ሮቶም እንዲሁ ናቸው፤ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ስለሚያመርታቸው ወሬው ከመጣ በኋላም ይደረስባቸዋል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ አካባቢ የተነሣውን ቃጠሎ መርካቶ አይረሳውም። መንስኤው ሙቀት ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን በበጋው ደረቅ አየር ጨርቅ፣ ካርቶንና ላስቲክ በተደራረበበት፣ መኪና በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ የተነሣ እሳት ጊዜ አይሰጥም። ስለ ዋጋ ንረት ካርታ የሚለዋወጥ ነጋዴ የመድን ውሉ መቼ እንደሚያልቅ በዚያው ስልኩ ቢያይ የሚከፋ አይመስለንም።

የእኛ ዝናብ በፓሪስ ሲሸጥ

መድን ካልን አይቀር፣ የኢትዮጵያ አየር ራሱ አንድ ጊዜ ዋጋ ወጥቶለት ተሸጦ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006) የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለ የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለ። ክፍያው 930 ሺሕ ዶላር ሲሆን፣ በአገሪቱ 26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የተለካው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ኩባንያው እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የዚያ ዓመት ዝናብ ጥሩ ነበርና ኩባንያው ምንም ሳይከፍል ክፍያውን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ አነስተኛ ገበሬዎች በዝናብ መለኪያ ላይ የተመሠረተ መድን የሚገዙበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎችም ሄዷል።

ቁጥሮቹን ልብ እንበል። ለ7.1 ሚሊዮን ዶላር 930 ሺሕ መጠየቁ ከመቶ 13 ነው። በዓለም ላይ የአየር ጠባይን በማስላት የሚኖሩ ሰዎች የዚያን ዓመት ከባድ ድርቅ ዕድል፣ ትርፋቸውንም ጨምረው፣ ከስምንት አንድ ገደማ አድርገው ገመቱት። ሁለትና ሦስት ሰው የላከለትን ካርታ አይቶ መጋዘኑን የሚዘጋ ነጋዴ ግን ዕድሉን ከአንድ አንድ አድርጎ ነው የሚገምተው።

ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ እህል ገበያችን ባጠኑት ጥናት የእህል በረንዳ ደላላ ከሩቅ ያለውን ነጋዴ በእምነት እየወከለ የሚሠራ፣ ዋና ሸቀጡም መረጃ የሆነ ሰው መሆኑን አሳይተው ነበር። ከዚያ በኋላ የምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ተከፍቶ በዋናነት ቡናውንና ሰሊጡን ሲወስድ፣ ጤፍ ግን በደላላው እጅ ቀረ። ደላላው ዛሬም በቀን መቶ ስልክ ይደውላል። የበልጉ ትንበያ በጥር መጨረሻ ግድም፣ የክረምቱ በግንቦት፣ የበጋው በመስከረም ይወጣል። በእነዚህ ሦስት ሰሞናት ከሚደወሉት መቶ ስልኮች ጥቂቱ ለብቸናው፣ ለባኮው፣ ለአሰላውና ለጭሮው ሰው ሆኖ፣ ጥያቄው «ሞቀ ወይ?» ሳይሆን «መሬቱ ረጠበ ወይ? ዘር ገባ ወይ? ያለፈው ዓመት እህል በገበሬው ጎተራ ስንት ቀርቷል?» ቢሆን፣ መልሱ በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት እህል በረንዳ ላይ በብር ይመነዘራል።